ብዙ ፍቺ ያለው አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥምዎ ፍቺውንና ምንጩን የሚለዩበት መመሪያ፦ «ሳውንድ» እንደ ማሳያ

እንግሊዝኛ የሚማሩ፣ የሚያስተምሩና የሚተረጉሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ሳውንድ ማለት ድምፅ ነው ተብለን ተማርን፤ ኋላ መዝገበ ቃላት ስንከፍት ግን ጤናማ፣ የባሕር መተላለፊያ፣ ጥልቀት መለካት የሚሉ ፍቺዎች ተደርድረው አገኘን። አንዱ ከሌላው እንዴት ወጣ?» ይላሉ። በአሜሪካ በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖች ጥያቄውን ከዕለት ኑሯቸው አንሥተው ይጠይቃሉ፤ ከተማቸው ያለችው ፒዩጀት ሳውንድ በሚባል የባሕር ክንድ ዳር ነው፣ የሚሳፈሩበትን ቀላል ባቡር የሚያስተዳድረው ድርጅትም ሳውንድ ትራንዚት ይባላል፣ ሁለቱም ስሞች ግን ከድምፅ ጋር አይገናኙም።

አጭሩ መልስ አንዱ ከሌላው አልወጣም የሚል ነው። እነዚህ በየራሳቸው መንገድ መጥተው በአንድ ዓይነት ሆሄያት የተጻፉ አራት ቃላት ናቸው። ይህን በቃል ከመያዝ ይልቅ ራስዎ መርምረው የሚደርሱበትን መንገድ ቢያውቁ ይሻላል፤ እንደ «ሳውንድ» ያሉ አጫጭር ቃላት በእንግሊዝኛ እጅግ ብዙ ናቸውና። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለማንኛቸውም ያገለግላል።

ከመጀመርዎ በፊት ሊይዙት የሚገባ ልዩነት

በአማርኛ «ራስ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። የሰውነት ክፍል ነው፣ «ራሴ» ስንል እኔነት ነው፣ የማዕረግ ስምም ነው። ሦስቱም ፍቺዎች ከአንድ ቃል የበቀሉ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር የሐሳብ መንገድ አላቸው። ይህን ባለ ብዙ ፍቺ ቃል እንለዋለን።

አሁን ደግሞ «ዋና» የሚለውን ይመልከቱ። «ዋና ይችላል» ስንል ከ«ዋኘ» የመጣ ነው፤ «ዋና ጸሐፊ» ስንል ግን «ና» ጠብቆ ይነበባል፣ ፍቺውም ሌላ ነው። በጽሑፍ አንድ ሆነው ቢታዩም ሁለት ቃላት ናቸው፤ ስማቸው አንድ ሆኖ ዝምድና የሌላቸውን ሰዎች ሞክሼ እንደምንል፣ እነዚህንም ሞክሼ ቃላት እንላቸዋለን። የዚህ መመሪያ ሥራ በሙሉ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል እንደ «ራስ» መሆኑን ወይም እንደ «ዋና» መሆኑን መለየት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ላይ ሆኖ ያገኙታል፤ ሞክሼ ከሆኑት ቃላት እያንዳንዱ በበኩሉ ብዙ ፍቺ ይኖረዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቃላትን ምንጭ የሚሰጥ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። ኦክስፎርድ፣ አሜሪካን ሄሪቴጅ፣ ኮሊንስና ሜሪያም ዌብስተር ለዚህ ይሆናሉ። ለቋንቋ ተማሪዎች ተብለው የሚዘጋጁት አነስተኛ መዝገበ ቃላት ለአነጋገርና ለአጠቃቀም ጥሩ ቢሆኑም፣ ብዙዎቹ ሥርወ ቃልን ስለሚተዉ ብቻቸውን አይበቁም።
- የሥርወ ቃል መዝገብ። በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚገኘው ኤቲምኦንላይን ለጀማሪ ይበቃል።
- ቃሉ የሚገኝባቸው ዐሥር ያህል ዓረፍተ ነገሮች ወይም ሐረጎች፣ ከተለያየ ዓይነት ጽሑፍ የተለቀሙ።
- ትናንሽ ካርዶች ወይም ደብተር፣ እንዲሁም እርሳስ። እርሳስ የምለው በመንገድ ላይ ምደባዎን መለወጥዎ ስለማይቀር ነው።

አሠራሩ

1. ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ይሰብስቡ። ብቻውን የቆመ አጭር ቃል ፍቺው አይታወቅም፤ ፍቺውን የሚወስኑት አብረውት ያሉት ቃላት ናቸው። ለ«ሳውንድ» የሚከተሉትን ይዘን እንነሣ፦ «ላውድ ሳውንድ» (ከፍተኛ ድምፅ)፣ «ዛት ሳውንድስ ጉድ» (ጥሩ ይመስላል)፣ «ሳውንድ ዚ አላርም» (የአደጋ ደወል ማሰማት)፣ «ሴፍ ኤንድ ሳውንድ» (በሰላም፣ ያለ ጉዳት)፣ «ሳውንድ አድቫይስ» (አስተማማኝ ምክር)፣ «ሳውንድ አስሊፕ» (ድብን ያለ እንቅልፍ ውስጥ)፣ «ሎንግ አይላንድ ሳውንድ» (በኮኔቲከትና በሎንግ አይላንድ መካከል ያለው የባሕር መተላለፊያ)፣ «ሳውንድ ሂም አውት» (ሐሳቡን በዘዴ ማወቅ)፣ «ኤኮ ሳውንደር» (የውኃ ጥልቀት መለኪያ መሣሪያ)።

2. እያንዳንዱን በአማርኛ ፈትተው በክምር ይለዩ። መዝገበ ቃላቱን ገና አይክፈቱ። የእንግሊዝኛውን ቃል ሳይደግሙ በራስዎ አማርኛ ፍቺውን ከጻፉ በኋላ፣ «ከዚህ ፍቺ ወደዚያኛው የሚያሻግረኝ ሐሳብ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ከድምፅ ወደ ደወል ማሰማት መሻገር ቀላል ነው። «ጥሩ ይመስላል» የሚለውም ሲሰሙት ጥሩ ሆኖ ተሰማኝ ከማለት የመጣ ስለሆነ ከድምፅ ክምር ይገባል። ያለ ጉዳት መሆን፣ አስተማማኝ ምክርና ያልተቋረጠ እንቅልፍም በአንድ ሐሳብ ይያዛሉ፤ ሦስቱም ሙሉና እንከን የሌለው ነገርን ይገልጻሉ። ከድምፅ ወደ ጤናማነት የሚያሻግር ግን አያገኙም። ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው የራስዎን ግምት አስቀድመው ካልጻፉ፣ መዝገበ ቃላቱ የሚልዎትን ሳይመረምሩ ስለሚቀበሉት ነው።

3. የየክምሩን ዘመዶች ይፈትሹ። ከዚያው ቃል የሚረቡ ቃላትን ይፈልጉና ከየትኛው ክምር ጋር ብቻ እንደሚሄዱ ይመልከቱ። በአማርኛ «ዋናተኛ» ከመዋኘት ጋር ብቻ፣ «ዋነኛ» ደግሞ ከሌላው ጋር ብቻ እንደሚሄድ ሁሉ፣ በእንግሊዝኛም «አንሳውንድ» (እንከን ያለበት፣ የማያስተማምን) እና «ሳውንድነስ» (ጽኑነት) ከጤናማው ክምር ውጪ አይሠሩም። «ሳውንድለስ» (ድምፅ አልባ) እና «ሳውንድፕሩፍ» (ድምፅ የማያስተላልፍ) ከድምፅ ክምር ውጪ ትርጉም የላቸውም። ማነጻጸሪያ ቅርጽ የሚይዘውም ጤናማው ብቻ ነው፤ «ሳውንደስት» ሲባል እጅግ አስተማማኙ ማለት እንጂ እጅግ ድምፃሙ ማለት አይሆንም። ይህ ፈተና ከሁሉም ይልቅ የማምነው ነው። በሰው ግምት ላይ ሳይሆን በቋንቋው በራሱ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ የተሳሳተ ሰው እዚህ ሲደርስ ስሕተቱን ያገኘዋል።

4. አሁን መዝገበ ቃላቱን ይክፈቱና መግቢያዎቹን (ቃሉ ለየብቻ የተመዘገበባቸውን ቦታዎች) ይቁጠሩ። ከቃሉ ራስጌ ወይም ጎን ትንሽ ቁጥር ያያሉ። አሜሪካን ሄሪቴጅና አነስተኞቹ የኦክስፎርድ መዛግብት «ሳውንድ»ን በምንጩ ከፍለው አራት መግቢያ ይሰጡታል። ሜሪያም ዌብስተር ግን ስሙን፣ ግሱንና ቅጽሉን ጭምር ለየብቻ ስለሚቆጥር የመግቢያዎቹ ብዛት ከአራት ይበልጣል። ስለዚህ የመግቢያ ቁጥር ማለት ሁልጊዜ የምንጭ ቁጥር ማለት አይደለም። የመዝገቡን መቅድም አንብበው በምን ሥርዓት እንደሚቆጥር ያረጋግጡ፤ የቁጥሮቹም ቅደም ተከተል ከመዝገብ መዝገብ ስለሚለያይ ካርድዎ ላይ ቁጥሩን ሳይሆን ፍቺውን ይጻፉ።

5. የሥርወ ቃሉን መስመር በጥንቃቄ ያንብቡ። ይህ መስመር አጭርና በምኅጻረ ቃል የተሞላ በመሆኑ ብዙዎች ይዘሉታል። ኦ እና ኢ የሚሉት ሁለት ፊደላት ጥንታዊ እንግሊዝኛን፣ ኤም እና ኢ መካከለኛ እንግሊዝኛን፣ ኦ እና ኤን ጥንታዊ ኖርስን (የጥንት ስካንዲኔቪያውያንን ቋንቋ)፣ ኦ እና ኤፍ ጥንታዊ ፈረንሳይኛን፣ ኤል ብቻዋን ላቲንን ያመለክታሉ። ሁለት ነገሮችን ግን ከሁሉ በላይ ይለዩ። «ፍሮም» የሚል ካዩ ቃሉ በቀጥታ ከዚያ ቋንቋ መጥቷል ማለት ነው፤ «አኪን ቱ» የሚል ካዩ ግን የወንድምነት ዝምድና እንጂ የልጅነት አይደለም። ከቃል ፊት የኮከብ ምልክት ካለ ደግሞ ያ ቃል በጽሑፍ ተገኝቶ አያውቅም፤ ሊቃውንት ዘመድ ቋንቋዎችን አነጻጽረው የመለሱት ቅርጽ ነው።

6. ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ካርድ ያዘጋጁ። ካርዱ ላይ የሚጻፉት የአማርኛ ፍቺው፣ የመጣበት ቋንቋ፣ በዚያ ቋንቋ የነበረው ቅርጽና ዘመዶቹ ናቸው። የ«ሳውንድ» አራት ካርዶች የሚከተለውን ይይዛሉ።

*ድምፅ።* ከላቲኑ «ሶኑስ» በፈረንሳይኛ «ሶን» በኩል ገባ፤ በመካከለኛው እንግሊዝኛ «ሱን» ይባል ነበር። «ሶናታ»፣ «ሶኒክ»፣ «ኮንሶናንት» ዘመዶቹ ናቸው።

*ጤናማ፣ ጽኑ፣ አስተማማኝ።* ይህ የቋንቋው የገዛ ሀብት ነው፤ በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ዬሱንድ» ይባል ነበር። የጀርመንኛው «ገዙንት» ወንድሙ ነው፤ ጀርመን አገር የኖረ ሰው ሲያስነጥስ «ገዙንትሃይት» ተብሎ ያውቃል፣ ትርጉሙም ጤና ማለት ነው። በሎጂክ ትምህርት አንድ ሙግት «ሳውንድ» ነው ሲባልም ይኸው ቃል ነው፤ አካሄዱ ትክክል፣ መነሻዎቹም እውነት የሆኑ ሙግት ማለት ነው።

*የባሕር መተላለፊያ ወይም የባሕር ክንድ።* በጥንታዊ እንግሊዝኛና በጥንታዊ ኖርስ «ሱንድ» መዋኘት ማለት ነበር፣ በኖርስም ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ይባልበታል፤ ከ«ስዊም» ጋር ይዛመዳል። በዴንማርክና በስዊድን መካከል ያለው ኦሬሰንድ ስሙ ላይ እስከ ዛሬ ይዞታል። ፒዩጀት ሳውንድም በእ.ኤ.አ. 1792 ጆርጅ ቫንኩቨር በመርከቡ መኮንን በፒተር ፒዩጀት ስም ሲሰይመው የተጠቀመው በዚህኛው ቃል ነው። የሳውንድ ትራንዚት ስም ከዚህ የባሕር ክንድ ስለተወሰደ «የድምፅ መጓጓዣ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው።

*ጥልቀት መለካት፣ መመርመር።* ከጥንታዊ ፈረንሳይኛው «ሶንደር» መጣ። መርከበኞች እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት የታሰረበትን ገመድ ወደ ውኃ ጥለው ጥልቀቱን የሚለኩበት ሥራ ነው። የሰውን ሐሳብ በዘዴ ማወቅ የተባለውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ የባሕሩን ሥር እንደ መፈተሽ የሰውን ውስጥ መፈተሽ ነውና። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በፊኛ አስረው ወደ ሰማይ የሚለቁት ራዲዮሶንድም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከፈረንሳይኛው ነው። የፈረንሳይኛው ቃል ግን በበኩሉ ከየት እንደመጣ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ ከላቲን፣ ሌሎቹ መዋኘትንና ባሕርን ከሚያመለክተው የሰሜን አውሮፓ «ሱንድ» ያወጡታል። እንዲህ ያለ ሲገጥምዎ በካርዱ ላይ ሁለቱንም ጽፈው የጥያቄ ምልክት ያድርጉበት፤ ደስ ያለዎትን መርጠው ሌላውን አይሰርዙ።

7. አራቱ እንዴት አንድ መልክ እንደያዙ ያስረዱ። ይህን ደረጃ ካልሠሩ ሥራው ጎዶሎ ይሆናል፤ ምንጮቹ ልዩ መሆናቸውን ብቻ የተነገረው ሰው «ታዲያ እንዴት እንዲህ በትክክል ሊገጥሙ ቻሉ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነውና። መልሱ በመደበኛ የድምፅ ለውጦች ውስጥ ይገኛል። «ዬሱንድ» የፊት ቅጥያውን ጣለና «ሱንድ» ቀረ። ከፈረንሳይኛ የመጣው «ሱን» ደግሞ መጨረሻው ላይ ምንም ምክንያት የሌላት የምትመስል «ድ» ተጨመረችበት፤ ይህች «ድ» ከ«ን» በኋላ በቀላሉ የምትበቅል ድምፅ ናት፣ ይህንንም ጥንት «ዙኖር» ይባል የነበረውን ቃል ወደ «ዘንደር» (ነጎድጓድ) ከለወጠው ለውጥ ጋር በማነጻጸር ይረዱታል። ከዚያ በኋላ ረጅሙ «ኡ» በመላው ቋንቋ ወደ «አው» ተለወጠ፤ «ሁስ» «ሀውስ»፣ «ፑንድ» «ፓውንድ»፣ «ግሩንድ» «ግራውንድ» ሆነ፣ አራቱም «ሱንድ»ዎች አብረው «ሳውንድ» ሆኑ። ለውጡ ድምፅን እንጂ ፍቺን አይመለከትም፤ ስለዚህ ልዩ ልዩ ቃላትን ሳይመርጥ አንድ ቦታ ያደርሳቸዋል።

8. ካርዶቹን ይዘው ወደ መጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ይመለሱ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከአንድ ካርድ ጋር ብቻ ያጣምሩ። እዚህ ላይ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት «ኤኮ ሳውንደር» ነው። መሣሪያው ከመርከብ ሥር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ድምፁ ከባሕሩ ወለል ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል፣ ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ከፈጀበት ጥልቀቱ 1500 ሜትር ገደማ መሆኑን ያሰላል። በድምፅ ስለሚሠራ ሁሉም ሰው ከድምፅ ካርድ ጋር ያጣምረዋል። «ሳውንደር» የተባለው ግን ጥልቀት ስለሚለካ ነው፤ ድምፁን የሚያመለክተው «ኤኮ» የሚለው ክፍል ነው። በገመድና በእርሳስ ይሠራ የነበረው የቀድሞ ሥራ ስሙን እንደያዘ ወደ አዲሱ መሣሪያ ተሻገረ።

ማስጠንቀቂያዎች

የአጫጭር ቃላትን ምንጭ በምኅጻረ ቃል የሚያስረዳ ነገር ሲያነቡ ይጠራጠሩ። ጉርሻ ማለት የሆነው «ቲፕ» ፈጣን አገልግሎት ለማግኘት ከሚል ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት ተሠራ፣ ዜና ማለት የሆነው «ኒውስ» ከአራቱ አቅጣጫዎች ስም ተሠራ የሚባሉት ሁለቱም ሐሰት ናቸው፤ «ኒውስ» አዲስ ከሚለው ቃል የብዙ ቁጥር ነው። እውነተኛ ምኅጻረ ቃላት በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ለምሳሌ በውኃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚያገኘው መሣሪያ ስም «ሶናር» በእርግጥ ምኅጻረ ቃል ነው፣ መጀመሪያውም ድምፅ ማለት የሆነው «ሳውንድ» ነው።

በሁለት ቋንቋዎች የተገኘ መመሳሰልም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በፋርስኛ «ባድ» መጥፎ ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛም እንዲሁ፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ቃላት አይዛመዱም። የእንግሊዝኛን ቃል ከአማርኛ ወይም ከግዕዝ ቃል ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ ነው ከማለትዎ በፊት፣ ቃሉ ቀድሞ የነበረውን ቅርጽ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር መመሳሰሉ ይጠፋል።

የተለመዱ ስሕተቶች

*ጥንታዊው ፍቺ ትክክለኛው ነው ማለት።* «ናይስ» መነሻው አላዋቂ ማለት የሆነ የላቲን ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ሰውን «ናይስ» ያለ ሰው መልካም ማለቱ ነው። ምንጭ ቃሉ የመጣበትን መንገድ ያስረዳል እንጂ የዛሬውን አጠቃቀም አይሽርም።

*በፍቺ ብዛት መደናገጥ።* በአንድ መግቢያ ሥር ያሉ ፍቺዎች እንደ «ራስ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። መጀመሪያ ምንጮቹን ይለዩ፣ ከዚያ በየምንጩ ሥር አንድ መሪ ፍቺ ይያዙ፤ ሌሎቹ ከእርሱ ይከተላሉ።

*የቦታ ስምን መተርጎም።* ሎንግ አይላንድ ሳውንድ በአማርኛ ጽሑፍ ሲገባ እንዳለ ይጻፋል፤ የግድ ማብራሪያ ካስፈለገ «የባሕር መተላለፊያ» ይጨመርበታል። ራስ ሠር የትርጉም መሣሪያዎች በዚህ ላይ ይሳሳታሉና ውጤታቸውን ሳያዩ አይቅዱ።

*ሞክሼ ሆነው ከሩቅ የሚዛመዱትን ሙሉ በሙሉ መነጣጠል።* ለዚህ «ባንክ»ን ይለማመዱበት። ገንዘብ የሚቀመጥበት «ባንክ» ጠረጴዛ ወይም መደብ ማለት ከሆነው የጣሊያንኛ «ባንካ» በፈረንሳይኛ በኩል መጣ። የወንዝ ዳር የሆነው «ባንክ» ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ገባ። መዝገበ ቃላት ለሁለቱ ሁለት መግቢያ መስጠቱ ልክ ነው፣ ወደ እንግሊዝኛ የገቡት በሁለት በር ነውና። ይሁን እንጂ የጣሊያንኛው ቃል ራሱ ከጀርመናዊ ቋንቋዎች የተወሰደ በመሆኑ፣ ሁለቱም ወደ ኋላ ሲሄዱ አንድ ሥር ላይ ይገናኛሉ፤ አግዳሚ ወንበር የሆነው «ቤንች»ም ከዚያው ነው። እኛም ከጣሊያንኛ የወሰድነው የመጠጥ ቤቱ «ባንኮኒ» የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። እንዲህ ላሉት ሁለት ካርድ ያዘጋጁና ከሁለቱም ግርጌ «በሩቅ ሥር ይገናኛሉ» ብለው ይጻፉ፤ ሲተረጉሙ የሚያገለግሉዎት ሁለቱ ካርዶች ናቸው፣ የግርጌው ማስታወሻ የሚያስፈልግዎ ስለ ምንጭ ሲጠየቁ ብቻ ነው።